የቅርጫው ጠሪ

አዳማ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለእንቁ ሐዲስ፣ ጀርመን አገር፤

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ቁጣዬ ይጻፍ ብዬ ነበር፤ ዘርፉ እምቢ አለች። «ጋሼ፣ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ክስ ይመስላል» አለችኝ። ክስ ነው ብላት እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። እንግዲህ እንዴት ነሽ? ብርዱ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? በደንብ ትበያለሽ ወይ? ይኸው ጠየቅሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከአንቺ በቀር ያናደደኝ የለም።

ዘርፉ ከግቢያችን የኋላውን ክፍል የተከራየችው ልጅ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ዛሬ እሑድ ስለሆነ እጇን አውሳኛለች። ያልኩትን እንጂ ያማረውን እንዳትጽፍ አስምያታለሁ። ስትጨርስ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። በስልክ ያልተናገርኩት ስለምታቋርጪኝ ነው። «አባባ፣ ቆይ ይስሙኝ፣ አባባ፣ እንደሱ አይደለም» እያልሽ ንግግሬን ታስጨርሺኛለሽ እንዴ? አሁን ግን ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ እግሬ ከዳኝ፤ ምላሴም ተሳሰረ። ሆስፒታል ተኛሁ፤ ወጣሁ። እግሬ ተመለሰ። ምላሴ መመለሱን ደግሞ አሁን እያየሽው ነው። እጄም ጉልበቱ አልጎደለም። ሐኪሙ «ጣቴን ይጭመቁ» ሲለኝ ጨምቄ አስጩኼዋለሁ። ስለዚህ የቅበላው ቅርጫ ሲደርስ እንደ ወትሮዬ ቢላዬን ስዬ ወጣሁ።

በዚህ ሰፈር ብልት አዋቂው እኔ ነኝ። ሥጋ ቤቱን ለወንድምሽ ለኪሩ ከለቀቅሁም በኋላ ቅርጫን የሚደለድል ሌላ ሰው ቆሞ አያውቅም። እኔ በቆረጥኩት መደብ ላይ ዕጣ ወጥቶ «የእኔ አነሰ» ያለ የለም። ሚዛን ይምጣ ያለም የለም። ከእጄ ሌላ ምን አለኝ? ፊደል አልቆጠርኩም፤ መሬት የለኝም። ሰው «ጋሼ ሐዲስ» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሣልኝ በዚህ እጅ ነው።

በሬው ተገፎ ሸራው ላይ ተጋድሟል፤ ሰው ከቦ ቆሟል። ቢላዬን ያዝኩ። ከሻኛ እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ሻኛውም ይታየኛል። እጄ ግን አልተነሣም። አልተንቀጠቀጠም፤ አልዛለም፤ ዝም ብሎ ቆመ፤ አልሻገርም ብላ ወንዝ ዳር እንደቆመች በቅሎ። ተነሥ አልኩት በልቤ። እምቢ አለ። ሰው ማሳል ጀመረ። አንዱ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ አንዱ ጫማውን ያያል። ኪሩ ቀስ ብሎ ቢላውን ከእጄ አወጣና «አባባ፣ ፀሐዩ ነው፤ ይረፉ» አለኝ። ፀሐይ! ገና ጠዋት፣ ያውም ደመና ነበር!

ከዚያ አንቺ ናላ አጥኚዋ በስልክ መጣሽ። ኪሩ ሆስፒታል የተነሣሁትን የናላዬን ፎቶ ልኮልሽ ኖሮ፣ ከእኔ በፊት አይተሽዋል። ያልሽውን አንዱንም አልረሳሁትም። «አባባ፣ እጅን የሚያዘው ቦታ ከአናት ወደ ጆሮ የሚወርድ እንደ ቀበቶ ያለ ነው፤ እሱ ደህና ነው። የተጎዳው ከሱ ፊት፣ ወደ ግንባር በኩል ያለው ነው። እንቅስቃሴን አስቀድሞ የሚያሰናዳው» አልሽ። በውጪ በኩል ላይኛውና ታችኛው አለ፤ ላይኛው እጅ ወዴት እንደሚዘረጋ ያሰናዳል፤ ታችኛው ጣት ዕቃን እንዴት እንደሚጨብጥ ያሰናዳል። ሌላው ሁለቱ የናላ ግማሾች በሚተያዩበት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተሸሽጓል። ማንም ሳይጠራው ሰው ከራሱ ተነሥቶ አንዱን ሥራ ከሌላው አስከትሎ የሚሠራው በሱ ነው። በእኔ ናላ ላይ ደም ያጣው ይኸኛው ነው አልሽኝ። የውጪዎቹ ዓይን ባየውና ጆሮ በሰማው የሚነሡ ናቸው፤ እነሱ ተርፈዋል።

እኔም ጠየቅሁሽ። ናላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ እኮ! ሥጋ ቤቱ ደጅ ላይ የበግ ጭንቅላት ፈልጬ ስሰጥሽ፣ ቦይ ቦዩን በጣትሽ እየተከተልሽ «አባባ፣ ይሄ ወንዝ ወዴት ነው የሚሄደው?» ትይኝ ነበር። እና የበጉስ የት ጋ ነው አልኩሽ። «በበግ ላይ ድንበሩን በደንብ ለይቶ ያሰመረ የለም» አልሽ። አይጥ ላይ ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ድመትም አላት፤ ጦጣ ላይ ግን መርምረው መርምረው እንደ ቀበሌ በቁጥር ከፋፍለውታል። ጦጣ ላይ ከአዛዡ ቦታ ጋር ይተካከላል፤ ሰው ላይ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። «ያን ያህል ሰፊ ከሆነ የተረፈው አይበቃኝም ወይ?» ብልሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም።

በምትሠሪበት ቤት ያለችውን ጦጣም የነገርሽኝ ያን ቀን ነው። ወንበር ላይ ያስቀምጧታል። አምፖል ሲበራላት እጇን ትዘረጋለች፤ ፍሬዋንም ታገኛለች። ውስጠኛው የተጎዳባት ጦጣ አምፖል ካልበራላት ከራሷ አትነሣም። አምፖሉ ከበራ ግን ትነሣለች። እኔ ይህን ጨዋታ ብዬ ሰማሁት። አንቺ ለካ ተንኮል እየጠነሰስሽ ነበር!

ፋሲካ ደረሰ። እኔ ወጥቼ እቆርጣለሁ አልኩ። ኪሩ አልከለከለኝም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሸራው ጋ ስደርስ ጎረቤታችን ምልኬሳ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ገና ቢላዬን ሳነሣ «ሻኛ!» ብሎ ጮኸ። አበደ እንዴ ልል አፌን ስከፍት እጄ ሄዷል። ሄዷል ነው የምልሽ! ሻኛው ወርዷል።

«ምን ያስጮህሃል? ጨረታ መሰለህ?» አልኩት።

«አንተ ቁረጥ፤ ጉሮሮው የእኔ ነው። ወርች! ጃባዱ ሐዲስ፣ በርታ!»

ወርች ወረደ። «ፍሪምባ!» ወረደ። «ጎድን!» ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁሉም መደብ ላይ ከሁሉም ብልት ደረሰ፤ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ፤ ልክ እንደ ዱሮዬ። ያን ቀን እንቁ፣ ምን ልበልሽ፣ ከጥር ወዲህ የበላሁት ምግብ የጣመኝ ያን ቀን ነው። ምልኬሳን አቅፌ ሳምኩት። ያ ከዳተኛ!

ምሳ ላይ ኪሩ ጠጅ ቀመስ አድርጎ ኖሮ አፉን ከፈተ። «እንቁ እኮ ናት! ጋሽ ምልኬሳን ደውላ ተራውን ያስጠናችው እሷ ናት!» አለ፣ ደስታው ከልክ አልፎ። ዞር ብዬ ሰዉን ሳይ ሁሉም ያውቃል። ዕጣ የወጣላቸው፣ እልል ያሉት፣ ሸራውን ያነጠፉት፣ ሁሉም። አንድ እኔ ብቻ አላውቅም። ምልኬሳ አምፖሌ ነበር። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ነበርኩ።

አሁን ስሚኝ። ጦጣዋ አይነገራትም፤ ቢነገራትም አይገባትም። እኔ ይነገረኛል! «አባባ፣ ከእንግዲህ ጠሪ ያስፈልግዎታል» ማለት ምን ያቅትሻል? እምቢ ይለኛል ብለሽ ነው። አዎ፣ እምቢ እል ነበር። እምቢ ማለቱም የእኔ ነበር። እሱንም ወሰድሽብኝ። ናላዬ ውስጥ ምን እንደሞተ በፎቶ አይተሽ፣ የቀረውን እኔን ሳትጠይቂ ከጎረቤት ጋር ተማከርሽበት። ሆስፒታል እንኳ ልብሴን ሲያስወልቁኝ መጋረጃ ስበውልኛል።

ደግሞ ሌላ ልንገርሽ። ምልኬሳ እየጠራ ሲሄድ «ታናሽ!» አለ፤ ከዚያ «ታላቅ!» አለ። ከሁለቱ ብልቶች የእኔ ተራ ታላቅን አስቀድሞ ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ታናሽን የሚያስቀድም በዚህች ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። የገበታ ሳህን ገልብጣ ተቀምጣ፣ እኔ ስቆርጥ እሷ የምትጠራ፣ «ትንሿ ትቅደም፣ ታላቅየው ይጠብቅ» እያለች ሰዉን የምታስቅ፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ። ጠሪ አልፈልግም ስል ኖሬ ለዚያች ልጅ ብቻ ፈቅጄ ነበር። ምልኬሳ ስህተትሽን ከነ ቅደም ተከተሉ አጥንቶታል። እኔም ሳላርመው ቆረጥኩ። እጄ ተራውን ትቶ አንቺን ሲከተል እዚያው ማወቅ ነበረብኝ፤ ዓይኔን ላብ ስለገባው አላወቅሁም። ዘርፉ እንባ ነው ልትል ቀና ብላ አየችኝ፤ ላብ ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።

በነጋታው ምልኬሳ መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም፤ በመስኮት ተነጋገርን።

«ለሐምሌ አምስት በሬ ልናይ ዓለም ጤና እንወርዳለን፤ ትመጣለህ?» አለኝ።

«እኔ ከቅርጫው ወጥቻለሁ። አምፖል አልፈልግም!»

«አምፖል ከሆንኩማ መብራት ኃይል ደመወዜን ይስጠኝ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ሐዲስ፣ እኔ የጠራሁት ሥጋውን ነው፤ የቆረጥከው አንተ ነህ» አለኝ። መስኮቱን ዘጋሁበት። ሲሄድ በመስኮቱ ክፍተት እግሩን እያየሁ ቆየሁ፤ እሱም አርጅቷል።

ማንም በሌለበት ሞክሬዋለሁ። ኪሩ ሥጋ ቤት ሳለ፣ ወጥ ቤት ገብቼ፣ የበግ ወርች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ራሴ ለራሴ ጠራሁ። «ወርች!» አልኩ። ጮክ ብዬም አልኩ። የራሴ ድምፅ እጄን አላስነሣውም። ይሄም መጽሐፍሽ ላይ ካለ ንገሪኝ፤ ከሌለ ጻፊው። ደህና አድርገሽ ጻፊው፤ ያንቺ ሥራ ይሄ ነው፤ ሥራሽን አልጠላሁም። ሰው ሁሉ «የሐዲስ ልጅ የሰው ናላ ታነባለች» ሲል ከሁሉ በላይ ጆሮዬን የማቆመው እኔ ነኝ። የጠላሁት መነበቤን ነው።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው ነው። በምልኬሳ ድምፅ ዳግመኛ አልቆርጥም። ኪሩም ልጥራ እንዳይለኝ፤ እሱ ሲጠራ የሚያዝንልኝ ይመስለኛል፤ ድምፁ ይርገበገባል። ድምፅሽን በስልክ ቀርጸሽ ልላክ እንዳትይ! እሱም አምፖል ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ አምስት ነው። እዚያ ያሉት ጦጣዎችሽ ለጥቂት ቀን ሌላ ሰው አምፖል ቢያበራላቸው አይሞቱም። ጠሪ መሆን የፈለገ ሸራው አጠገብ፣ እኔ በማየው ቦታ፣ በእግሩ ቆሞ ይጠራል። እየለመንኩሽ አይደለም። የሰፈሩን ደንብ ነው የምነግርሽ። ታናሽን ብታስቀድሚም ሰዉ ለምዶታል።

ካልመጣሽ ቢላውን ለኪሩ እሰጣለሁ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። አላኮርፍም። አኩርፌም አላውቅም።

በይ እንግዲህ። የእናትሽ አምላክ ከፊትም ከኋላም ይሁንሽ። ባዕድ አገር እግርሽን እንቅፋት አይምታው፤ እጅሽ የጀመረውን ይጨርስ። የማንም ደጅ አያቁምሽ። ናላሽን ይጠብቅልኝ፤ ውጪውንም፣ ውስጡንም።

የተቆጣሽ አባትሽ፣
ሐዲስ ይትባረክ

ከዚህ በታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ቀለሙን ከነካሁ በኋላ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ከመውረዱ በፊት ትንሽ ቆይቷል። የወረደው ዘርፉ «ጋሼ፣ ይጫኑ» ብላኝ ነው።