ያለ ልክ የጠበቀው ብሎን

ነሐሴ 27 ቀን 1971
ንፋስ መውጫ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። ለአብዮት በዓሉ መብራት እንዳይጠፋ ስለታዘዘ የጄኔሬተር ቤቱን የመብራት ማከፋፈያ ፓኔል ከፍቼ ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቅሁ። ትልቁን በብሎን መፍቻው ኪያቤ ሳጠብቀው፣ ሳጠብቀው… ድንገት እጄ ላይ ላላ። ጥርሱ ተበላ መሰለኝ። መለወጫ የለም። እንዳለ ትቼው ሥራው አልቋል ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ ሀሊማ ምስር ሠርታ ጠበቀችኝ።

መስከረም 2 ቀን 1972
በበዓሉ መሀል መብራቱ ጠፋ። የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ላይ ሳሉ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ሮጬ ስደርስ ፓኔሉ ይጨሳል። ያ ብሎን… የያዘው ሽቦ ቀልጧል። የሞተር ሠራተኛው ወርቁ አሸዋ እየዛቀ ይደፋበታል። የአብዮት ጥበቃዎቹ መጡ። አሻጥር ነው አሉ። ተረኛው ማነው ሲሉ ወርቁ “እኔ ነኝ” አለ። ወሰዱት።
አጠገቡ ቆሜ ነበር። አፌ ለምን አልተከፈተም?

መስከረም 3
በር በተንኳኳ ቁጥር እኔን ሊወስዱ የመጡ ይመስለኛል።

መስከረም 5
የወርቁ ሚስት ካሣነሽ መጣች። የወሰደችለትን ስንቅ መልሰውባታል። “ጁሃር፣ አንተ ታውቀዋለህ። ወርቁ ሆን ብሎ ያቃጥላል?” አለችኝ። አያቃጥልም አልኳት። ሌላውን ግን…
ስትሄድ ለሀሊማ ሁሉንም ነገርኳት። የተኙትን ልጆቻችንን አየች። እኔም አየሁ። አሻጥረኛ ተብሎ ከተወሰደ ማን ተመለሰ?

መስከረም 6
ቀበሌ ሄጄ እናገራለሁ። ሀሊማ ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝ፤ እዚያ ይበርዳል አለች። ይህን ደብተር እሷ ትደብቀው።

መስከረም 19
ዛሬ ወርቁና እኔ ተፈታን።
ያን ቀን ሊቀመንበሩ ፊት ቀረብኩ። ብሎኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ወርቁ አልነካም አልኩ። ለምን አራት ቀን ቆየህ አሉኝ። ፈርቼ አልኩ። እኔንም አሰሩኝ፤ እሱንም አልፈቱትም።
ከባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ባይመጣ… የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁጥር ያለው የብሎን ቁልፍ ይዟል። ልኩ ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል። “ከዚህ ሲያልፍ ጥርሱ ይበላል። ከላላ ይግላል፤ ከጋለ ይቀልጣል። ይህ አሻጥር አይደለም፤ አለማወቅ ነው” አላቸው። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ አደረጉት። በቃ። በዚያ ተፈታን።
ወርቁን በሩ ላይ አገኘሁት። ግራ እጁ በጨርቅ ታስሯል። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም።
“መቼ ነው ያወቅኸው?” አለኝ።
“ጭሱን ሳይ።”
ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ጥቅምት 4
ባለሙያው ቁልፉን ለእኛ ትቶልናል። ዛሬ ፓኔሉን እንደገና አጠበቅሁ፤ እያንዳንዱን ጠቅ እስኪል። ጨርሻለሁ፣ ሞተሩን አስነሳ አልኩት ወርቁን። ድሮ ቢሆን ቀና ብሎም ሳያይ ያስነሳ ነበር።
ዛሬ ግን ወደ ፓኔሉ መጣ። ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። በደህና እጁ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም ሞከረ። ሲጨርስ ሞተሩን አስነሳ።
ግድግዳው ጥግ ቆሜ ጠበቅሁት። አሁን የምፈራው ሊቀመንበሩን ሳይሆን የወርቁን ዓይን ነው።