ያልፈረምኩልሽ የጥልፍ ማሽን

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ኤልስቤት፤

ከባሕር ማዶ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ የመርፌ ቀዳዳ ይለያል ወይ? የአርጀንቲና ፀሐይ እንዳላከሰለሽ ተስፋ አለኝ፤ ድሮም በመልክሽ አትታሚም ነበር። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሁለት ጥርስ ቀርተውኛል፤ እነሱም ተኳርፈው አይገናኙም።

ከዘመን መለወጫ ጀምሮ አገሩ በሙሉ በአንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይተዳደራል። በፊት ተራራ በተሻገርሽ ቁጥር ውርሱም ጋብቻውም ሌላ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ዛሬ የበርኑም የዙሪኩም የእኛም አንድ ሆነ። የልጅ ልጄ ሬጉላ መጽሐፉን ገዝታ ታነብልኛለች። «ያገባች ሴት ለመሥራት አሁንም ባሏን ታስፈቅድ ይላል! አዲስ ማለት ይሄ ነው?» እያለች ትነጫነጫለች።

እሑድ ምሳ ላይ «አባባ፣ ድሮስ ላላገባችዋ ማን ይፈርምላት ነበር?» አለችኝ። ሞግዚቷ አልኳት። «የእህትዎ ሞግዚት ማን ነበር?» ስትለኝ ድንቼን ትቼ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት።

እትዬ፣ በአምስት ዓመት ትበልጪኛለሽ፤ ሕጉ ግን ሱሪ ስለለበስኩ ብቻ ሞግዚትሽ አደረገኝ። በእናታችን ውርስ የጥልፍ ማሽን ልግዛ ብለሽ ወረቀቱን ስታመጪ «ሕጉ አይፈቅድልኝም» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ሕጉ የጠየቀው የእኔን ፊርማ ብቻ ነበር። አንቺ ማሽን ከያዝሽ በእኔ ማሽን መርፌዎች ክር የሚያስገባልኝ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ከእኔ አብልጠሽ እንደምትጠልፊም አውቅ ነበር። በዓመቱ ከአገር ልሂድ ስትይ ግን በንዴት፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ከወረቀቶችሽ ሁሉ የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞግዚትነቱ ሲሻር እንኳ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀልድ ሸፋፈንኩት።

ሬጉላ ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለእኔ መናዘዝ ምን ይፈይዳል? ለእሳቸው ይጻፉ» አለች። አዲሱ ሕግ ኑዛዜን በራስ እጅ ጽፎ ማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ እዚያ ውስጥ ልሸጉጠው ዳድቶኝ ነበር። ግን ሞቶ ይቅርታ መጠየቅ ስድቡን ሳይሰሙ ማምለጥ ነው። ስለዚህ እያየሁ፣ እየሰማሁ ልጠይቅሽ፤ ይቅር በይኝ። ካልቻልሽም ስደቢኝ፤ ብቻ ዝም አትበይኝ።

ለባልሽ ለሴሌስቲኖ፣ ለልጅሽ ለካስፓር፣ ለምራትሽ ለሮሳሪዮ፣ ለሕፃናቱም በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሬጉላ እጅሽን ትስማለች።

ታናሽ ወንድምሽ ባልታዛር
ሊሽተንስታይግ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1912