ኅዳር ላይ የተከረከመ ጽጌረዳ

አራዳ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ከሰርጉ ድካም በረታሽ ወይ? ጉልበትሽስ? የጋሼ ካሕሳይ ስኳር እንዴት ነው? ሙሽሮቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ችግኞቼን ደርድሬ አቧራውን እጠጣለሁ። ናፍቀሽኛል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን በጾም መግቢያ ውሸት ደግ አይደለም።

ዛሬ ቅበላ ነው። የንስሐ አባታችን ሁዳዴ ሳይገባ እህትሽን ይቅርታ ጠይቂ ብለው ገዝተውኛል። በስልክ ልጠይቃት ብላቸው፣ በስልክማ መሰዳደባችሁ አይቀርም፣ ጻፊላት አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ። እንደ ልማድሽ ግማሹ ላይ ተናደሽ እንዳትቀጂው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከኅዳሩ ልጀምር። ደውለሽ ሰምሃር ጥር 16 ትዳራለች፣ ግቢው በጽጌረዳ ተሞልቶ ልጄ በአበባ መሃል እንድትወጣ ነው የምፈልገው፣ መቼ ልከርክመው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለኅዳር ሚካኤል ከርክሚው፣ በሁለት ወሩ ይንቦገቦግልሻል አልኩሽ። አልዋሸሁሽም። እማዬ አርባ ዓመት ሙሉ ለጥምቀት የምታደርሰው በዚሁ ቀን ከርክማ ነበር።

ግን እማዬ የምትከረክመው እዚህ አራዳ ነው። ግቢያችን በድንጋይ አጥር የታጠረ፣ የጎረቤት ማድ ቤት ሁሉ የሚያሞቀው ነበር፤ ውርጭ የሚባል ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ሱሉልታ ሌላ አገር ነው። ያንቺ ቤት ደግሞ ከወንዙ ዳር፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ብርዱ ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ችግኝ የሚያመጡልኝ የሱሉልታ ሰዎች ጥር ሳይወጣ ጽጌረዳ አይነኩም። አሮጌው ቅጠል ጋቢው ነው ይላሉ። ቀድመሽ ከከረከምሽው ለጋ ያወጣል፣ እምቡጥ ይይዛል፣ ታኅሣሥን አለፈ ሲባል የጥር ውርጭ መጥቶ ይበላዋል። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ወሩ ነው፣ ስለ ውርጩ አልጠየቅሽኝም። ያልተጠየቅሁትን ምን አስለፈለፈኝ!

ገና እንዳለፈ ደግሞ ደወልሽ። እምቡጡ ሊፈነዳ ነው፣ ቀዩ ከጫፉ ብቅ ብሏል እያልሽ ስትፈነድቂ፣ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፤ ውርጭ የሚወርደው እንዲህ ሲሆን ነው። ጆንያ አልብሺው፣ ከጎኑ እርጥብ ጭድ አጭሺበት ማለት እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጥር ስድስት ጠዋት እያለቀስሽ ስትደውዪ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ሆኗል፣ ሁሉም ጠቁሯል አልሽኝ። ወይኔ እታለም፣ ምን ጉድ ነው አልኩሽና ቁርሴን በላሁ። ያን ቀን ፍርፍሩ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ለምን እንዳትዪኝ። ታውቂዋለሽ። ሰፈራችን በሚፈርስበት ሳምንት እማዬ ሆስፒታል ነበረች፣ እኔም ከአልጋዋ ሥር አልነቃነቅም። አንድ ጽጌረዳ አምጡልኝ፣ ልሽተተው ብላ ለመነች። አንቺን ላክሁሽ። ባዶ እጅሽን ተመልሰሽ ዶዘር ጨፈለቃቸው፣ አንድም አልተረፈ አልሻት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ስለ አበባ አንስታ አታውቅም፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ለአርባዋ ቤትሽ ስመጣ አሥራ አንዱም የእማዬ ጽጌረዳዎች ግቢሽ ውስጥ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ከነአፈራቸው ነቅለሽ ወስደሻቸው ኖሯል! ድርሻዬን እንዳልጠይቅሽ ፈርተሽ ይሆናል። ውሰጂ፣ ማን ከለከለሽ? ለምትሞት እናትሽ አንዲት አበባ ቀጥፎ መስጠት ምን ነበረበት? አንቺ አረመኔ! እንግዳ ፊት ስለነበርን ዋጥ አደረግሁት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አልተፈጨልኝም።

ሰርግሽ ላይ መጣሁ። እልል አልኩ፣ እስክስታ ወረድኩ። ሙሽራዋ በአሥራ አንድ ባዶ እሾሃም እንጨት መሃል ወጣች፤ አንቺ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ በክር አስረሽባቸዋል። ሰው ሁሉ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አየሁት። ፎቶ ሊያነሷት ሲያቆሟት ግን ሰምሃር ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷ ምን አደረገችኝ? አክስትሽ ይቅርታ ትልሻለች በያት፤ ይህ ከልቤ ነው። ያንቺን እንባ ሳይ ግን ደስ አለኝ። ለንስሐ አባታችንም እንዲሁ ብዬ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለእሳቸውም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ለቅልቅሉ ስመጣ ጽጌረዳዎቹ ተነቅለው ከበርሽ ውጭ ተከምረው ነበር። ዘበኛሽን መድኃኔን ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ እትዬ ደርቀዋል፣ ሞተዋል፣ ጥለህ ና ብለውኛል አለኝ። እኔ ልጣልልህ አልኩት። አመስግኖኝ በሁለት ጆንያ ጠቅልሎ ታክሲ ላይ ጫነልኝ። አትቆጪው፣ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

እታለም፣ ውርጭ የሚገድለው ለጋውን ነው። ግንዱን አይነካውም። ቅርፊቱን በጥፍርሽ ጫር ብታደርጊው ኖሮ አረንጓዴውን ታዪው ነበር። እንደማታዪው ግን አውቅ ነበር፤ አንቺ የማያብብ ነገር ግቢሽ ውስጥ አታቆዪም። እኔም የጠበቅሁት ይህንኑ ነው።

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። የሰምሃርን ትዳር ይባርክላት፣ ጋሼ ካሕሳይንም ይማርልሽ። እኛን ሁለታችንን ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለን፤ ከማንኛችን እንደሚጀምር እሱ ያውቃል።

መጋቢት 20 የእማዬ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው፣ መቃብሯ ጋ እንገናኝ። አበባ ገዝተሽ እንዳትመጪ። ውኃ ግን በጀሪካን ይዘሽ ነይ፤ ቧንቧው ሩቅ ነው፣ አሥራ አንዱንም ብቻዬን ማጠጣት ከብዶኛል።

ታናሽ እህትሽ