እኔና የቫኒላው ጠርሙስ

ልጄ ሆይ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ከክፉ ሰው ይጋርድሽ። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ወንድምሽ እንዲሰማ አልፈለግሁም።

አርባ ዓመት ኬክ ስጋግር፣ ፊደል ባልቆጥርም በአፍንጫዬ የሚደርስብኝ አልነበረም። በቀደም ቫኒላ ስገዛ ግን ምንም አልሸተተኝም። በባለሱቁ ፊት ላለማፈር አንዱን ጠርሙስ አንስቼ “እውነተኛው ይኼ ነው” አልኩ። ከዚያ አንዲት ደንበኛ “አባባ፣ ኬክዎ የሳል ሽሮፕ ሽሮፕ ይላል” ብትለኝ፣ “አፍንጫሽን ታከሚ!” ብዬ አባረርኳት። ልብስ ሰፊዋ የጠርሙሱን ጽሑፍ ብታነብልኝ፣ ለካ ሴትየዋ እውነቷን ነው፤ አርቲፊሻል ነው። ጉንፋን ይሆናል ብዬ ነጭ ጋዝ ባሸትም ውሃ ሆነብኝ። ወንድምሽ ካወቀ ከምድጃው ያነሳኛል፤ ቤት ተቀምጬ ደግሞ ምን ልሆን ነው?

ስለዚህ ካለሽበት እንደ ፎሶሊያ ረዘም ያለውን የቫኒላ ፍሬ እንዳለ ላኪልኝ። ሰንጥቄ ከወተት ጋር አፈላዋለሁ። ጣቴ ገና አልከዳኝም፤ ደህናው ቅባት አለው፣ ጣት ላይ ሲጠመጠም አይሰበርም። ደርቆ ቀጭ ካለ ሽታውን ዘፍዝፈው የጨረሱት ነውና እንዳያታልሉሽ።

ጉልበትሽን አይንሳሽ፤ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ከመላክሽ በፊት ግን እባክሽ አሽትቺውና ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ። እየረሳሁት ነው።