ነጩን አንሶላ ማን አጠበው?

ሜይ 1954፣ ነብራስካ

ለክቡር ሚስተር ኦርቪል ሃዲክስ
የሃድሊን የቤት ዕቃዎች ኩባንያ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎና ከነካሜራዎችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በቆሎ አብቃዮቹ ኩባንያዎ ፊልም እስኪያነሳን ድረስ ደህና ነበርን። ይህን ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ እናንተም የቤታችንን ጉዳይ ያወጣችሁት በአደባባይ ነውና። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው መስከረም ሦስት ሰዎችዎን ወደ ቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። መሪያቸው ሚስተር ክሊፍተን ፕሩዊት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የባለቤቴን እናት ወይዘሮ ሁልዳን፣ የጥንት ሴቶችን ጉብዝና ለአገር ለማሳየት ስለምንፈልግ ይተባበሩን ብለው ለመኗቸው። ወይዘሮ ሁልዳ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው፣ የሰው ልብስ እያጠቡ አራት ልጆች አሳድገዋል፤ ስለዚህ ነጭ አንሶላ ለእሳቸው ክብራቸው ነው። የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ብቅ ቢሉ፣ ሚስተር ፕሩዊት ቀሚሱ ለካሜራው መብራት አይስማማም ብለው የተቀደደ ሽርጥ አስለበሷቸው። እኛም አመንናቸው።

፪. ስለ ብልሃታችሁም አመሰግናለሁ። ቤታችን የቧንቧ ውሃ የለውም፤ የምንቀዳው ጓሮ ካለው የእጅ ፓምፕ ነው። አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችሁ ደግሞ ያለ ቧንቧ አይሠራም። ሰዎችዎ ይህን ባወቁ ጊዜ ብዙም አልተጨነቁም፤ ወይዘሮ ሁልዳ ስድስት አንሶላ በእጃቸው እንዲያጥቡ ጠየቋቸው። ከዚያ እርጥቡን አንሶላ ሰብስበው ባዶው ማሽን ውስጥ ከተቱት። ከከተማ ያመጧት ቆንጆ ተዋናይት ክዳኑን ከፈተች፣ አንዱን መዝዛ አወጣች፣ ጉንጯ ላይ አስጠግታም ፈገግ አለች።

ሦስተኛውን ቁጥር ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ ስላለኝ በደፈናው ልንገርዎ። ባለፈው መጋቢት ፊልሙ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በነጻ ሲታይ፣ ወይዘሮ ሁልዳ ጎረቤቶቻቸውን ራሳቸው ጠርተው፣ ያንኑ የእሑድ ቀሚስ ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። መጀመሪያ የታየው ጎባጣ ጀርባቸውና ላብ ያጠመቀው ፊታቸው ነበር። ከበስተኋላ የሚተርከው ድምፅ፣ «ምስኪኗ አሮጊት! ዘመን ጥሏት እንደሄደ የነገራት የለም» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ ተዋናይቷ አንሶላውን ይዛ ስትመጣ ያው ድምፅ እንዲህ ያለ ንጣት ከሰው እጅ እንደማይወጣ አበሰረን። ዞሬ አየኋቸው። አላለቀሱም፤ ሁለቱን እጃቸውን ብቻ ቦርሳቸው ሥር ደበቁ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ከፊልም ማሳያው መብራት ፊት ቆምኩ። «አንሶላው የኛ ነው» አልኩ። «ያጠቡትም እኚህ ሴት ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልገባም።»

ስለ ማሽኑ ሊያስረዱ የመጡት ሚስተር ፕሩዊት እንደ ሕፃን አባበሉኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ማስታወቂያ ነው፤ ማንም እውነት ነው ብሎ አያየውም።»

ወይዘሮ ሁልዳ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ ሲስቁብኝ ግን እውነት መስሏቸው ነበር» አሏቸው።

ከሁሉ በላይ ስቃ የነበረችው ጎረቤታችን አግነስ ቶለር ኮቷን አንሥታ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌላው ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ሰዎችዎ የቀረውን ፊልም ለባዶ ወንበሮች አሳይተው ጨረሱ፤ ለሥራ ያላቸውን ታታሪነት አደንቃለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ ሁልዳ ልብስ ሜዳ ላይ አስጥተው አያውቁም። ጣሪያ ሥር፣ ሰው በማያይበት ጨለማ ይሰቅሉታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ነፋሱ በረታ ይሉኛል። ፊልሙም በየወረዳው እየዞረ ነው አሉ። እንዲታገድ ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ባማረ ወረቀት የታተመ የዋጋ ዝርዝር ስለላካችሁልኝ ትጋታችሁ ወደር የለውም። አሁን የምለምነው በአንባቢዎች ፊት ነው፤ ፊልሙን አንሡት፣ ሰባ አንድ ዓመት የኖሩትን ሴትም ይቅርታ ጠይቁ።

የኩባንያዎን ገናናነት፣ የርስዎን ረጅም ዕድሜና ከተቻለም ጥቂት ኀፍረት እየተመኘሁ፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
አይሪን ቬስተርጋርድ

ማሳሰቢያ፦ አቤቱታዬን እንድተው በስጦታ የላካችሁልኝ ማሽን በደህና ደርሷል። ጓሮ አስቀምጠነዋል። አንዲት ዶሮ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋበታለች። ፊልም ልታነሡ ከመጣችሁ ጫጩቶቹን ማሽናችሁ ሲፈለፍላቸው ታሳያላችሁ፤ ዶሮዋ እንደሆነች ደብዳቤ አትጽፍም።