እናትሽን ጅቡቲ ይዣቸው ሄድኩ

ለአስካልዬ፣ ለሆዴ፤

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ ገብሱ ማሸት ጀምሯል። እንደምን ሰነበትሽ ልልሽ እስክሪብቶዬን አነሳሁና መልሱን ከማን እንደምጠብቅ ግራ ገባኝ። እንግዲያው የኛን ልንገርሽ። እኛ ደኅና ነን። ይህን ቃል ሳልዋሽ ስጽፈው ካንቺ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ስላበዛ ቆርቆሮውን አስቀየርኩት። የልብስ ስፌት መኪናዬን ከገበያው ዳር አንስቼ በረንዳችን ላይ ተክዬዋለሁ፤ የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ አሁን ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚለካው። ይህን ያደረግሁት ለእናትሽ ብዬ ነው። ከቀብርሽ በኋላ አገርሽ ግሼ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አምጥቼ ከኔ ጋር አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ሱፋቸውን ይፈትላሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ተቀምጠን ስምሽን አንዳችንም አናነሳም ነበር።

ጥቁራቸውን ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላም አላወለቁም። ከሁሉ የከበደኝ ግን የሰናይት ነገር ነው። አንቺ ስታርፊ ልጃችን ጅቡቲ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራትም፤ ከወጣች መመለሻ የላትም፣ ሥራዋም እጮኛዋም እዚያ ቀሩ ማለት ነው። ሳትመጣ ቀረች። እናትሽ ይህን አልተቀበሉም። ስልክ በደወለች ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እያዞሩ፣ «እናቷን አፈር ሳታለብስ የቀረች» ይሉ ነበር።

አሁን ወረቀቷ ተስተካክሏል። ያንን የመርሐቤቴ ልጅ፣ መካኒኩን ደረጀን አግብታለች። ወንድ ልጅም ወለደች። አያት ሆነሻል፣ አስካልዬ።

የተወለደ ዕለት ደውላ፣ «አባዬ፣ አርባ ቀኑ እሑድ ላይ ይውላል። እማማን ይዘህልኝ ና» አለችኝ። ለእናትሽ ነገርኳቸው፤ እንዝርታቸውን ማሾራቸውን ቀጠሉ። የነፍስ አባታችን መጥተው፣ «እማማ ይመኙሻል፣ ልጂቱን ተቀይመዋል እሺ፤ ሕፃኑስ ምን አደረገ?» አሏቸው። እንዝርታቸውን አስቀምጠው፣ «ለአራስ የሚሆን ቅቤ ማን ዘንድ ይገኛል?» አሉ። ያኔ እንደምንሄድ ገባኝ።

ፓስፖርቱ ራሱ አንድ መከራ ነበር። ሱፍ መፍተል የጨረሰው የእናትሽ ጣት አሻራ አልሰጥ ብሎ፣ አሻራ የምትወስደው ልጅ እጃቸውን ይዛ ብትጫን ብትጫን የአሻራው መኪና እምቢ አለ። «ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ሰው አይደለሽም ሊለኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። በኋላ በአውራ ጣታቸው ተሳካ።

ዓርብ ጧት ከአዲስ አበባ ባቡር ተሳፈርን። መስኮት ዳር አስቀመጥኳቸው። ቅቤውን በፕላስቲክ ባልዲ አድርገው፣ ክዳኑን በጨርቅ አስረው፣ ከፊታችን ካለው ወንበር በላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ አሰቀሉኝ። ወደ ቆላው በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ቅቤ የሚባል ነገር እንደሚቀልጥ ረስቼዋለሁ። ከፊታችን አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ተኝቷል። ድንገት ብድግ አለና አናቱን ዳሰሰ፣ እጁን አሸተተ፣ ቀና ብሎ ባልዲውን አየ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሱ ግን ወደ እናትሽ ዞሮ፣ «እማማ፣ እናቴ ራሴን ከቀባችኝ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ከጀመሩ አይቀር በደንብ ያዳርሱት» አላቸው። እናትሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲስቁ ሳይ ካንቺ ወዲህ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።

ጅቡቲ የደረስነው ከመሸ ነው። ለኛ አገር ብርድ የሚሆን ለብሰን ሄደን፣ ከባቡሩ ስንወርድ አየሩ ራሱ ከምድጃ የወጣ መሰለኝ። ቤታቸው ስንደርስ ሰናይት ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እናትሽ ሕፃኑን ተቀብለው ግንባሩን ሳሙት፣ መረቁት። ለሰናይት ግን ጉንጫቸውን ሰጥተው፣ «እንዴት ነሽ» ብቻ ብለው አለፏት። ልጄ እንደ እንግዳ ቆማ ቀረች። ያንን ሳይ መምጣታችንን ጠላሁት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቬንትሌተሩ ሥር ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ እናትሽ የሉም። በሩ ክፍት ነው። ሰናይት ከጓዳ ወጥታ ባዶውን ፍራሽ ስታይ ክው አለች። ደረጀ ጋራዥ ነው። እሳቸው ቋንቋ አያውቁ፣ ስልክ የላቸው፣ ያ ፀሐይ ደግሞ በሬ ይጥላል። ልጄ ሻሿን እንኳ ሳታስር በነጠላ ጫማ ወጥታ ሮጠች፤ እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ከኋላዋ። በየመንገዱ «እማማ! እማማ!» እያለች ትጣራለች። መጀመሪያ ትጣራ ነበር፤ ከዚያ ታለቅስ ጀመር። ፀጉሯ ተበትኖ፣ ደረቷን እየመታች ስትሮጥ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላት ነበር።

የት አገኘናቸው መሰለሽ? ገበያው መሐል፣ ሐብሐብ ከሚሸጡ የአፋር ሴቶች ጋር ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እርጥብ ጨርቅ አናታቸው ላይ አድርገውላቸዋል፣ አንዷ በካርቶን ታራግባቸዋለች። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ገብስ ይዘው ቆላ ገበያ ሲወርዱ የቀሩላቸውን ሁለት ሦስት የአፋርኛ ቃላት አውጥተው ሲጫወቱ ነው የደረስነው። ነፋስ ልቀበል ብለው ወጥተው ቤቱ ጠፍቷቸዋል፤ ሴቶቹ ናቸው ጠርተው ያስቀመጧቸው።

ሰናይት ስታያቸው እፊታቸው ተዘረፈጠች። «እርስዎንም ላጣዎት ነው ብዬ» አለች።

እናትሽ የተበተነውን ፀጉሯን፣ አቧራ የለበሰ እግሯን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የእናትሽን መርዶ ስትሰሚ እንዲህ ሆነሽ ነበር?» አሏት።

«አዎ።»

«ማን ያዘሽ ያኔ?»

«ማንም አልያዘኝም እማማ። አከራዮቼ እንዳይሰሙ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።»

እናትሽ ይህን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ወደ ጭናቸው ሳቡት። «ብቻሽን! የኔ ልጅ ብቻሽን!» አሉና ስምሽን ጠርተው ሙሾ አወረዱ። አስካልዬ፣ እዚያ ባዕድ አገር፣ ሐብሐብ መሐል፣ እንደ አዲስ ተለቀሰልሽ። የአፋር ሴቶቹ የሚባለው ባይገባቸውም ልቅሶ መሆኑ ገብቷቸው ከበው ያለቅሱ ጀመር። መንገደኛው ቆመ። ልጄ በሰው እጅ ተይዛ፣ ጮኻ፣ እናቷን እንደ ወጉ አለቀሰች። እኔ ሕፃኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆሜ እንባዬ ግንባሩ ላይ ሲወርድ ልጁ አንዴም አልነቃም።

ሲበርድላቸው ካርቶን የያዘችው ሴት ሐብሐብ ቆርጣ ለሁላችን አደለች። ያን ያህል የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም።

እሑድ ሰናይት ለአያቷ ያዘጋጀችውን ነጭ ቀሚስ እየፈራች አቀረበችላቸው። እናትሽ ጨርቁን ዳሰስ አደረጉና፣ «ክርስትና ላይ ጥቁር ምን ሊሠራ» ብለው ለበሱት። እኔ ሰፍቼ የወሰድኩት የሕፃኑ ልብስ ግን ጉድ አደረገኝ፤ ስፋቱ ለሁለት ልጅ ይበቃል። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰውዬ! ደረጀ፣ «ግድ የለም አባባ፣ ለትምህርት ቤትም ይሆነዋል» ብሎ አሳቀብኝ። ልጁ ቄሱን በጩኸት አደነቆራቸው። የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ሆነ፤ ያንቺም ወለተ ሥላሴ አልነበር? ማንም አላሰበበት፣ ቄሱ ናቸው ያወጡለት።

ከሰዓት በኋላ ባሕር ወሰዱን። እናትሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና ማዶውን ብዙ አዩ። «ይህ ሁሉ ውኃ ተንጣልሎ አንዲት ዘለላ ገብስ አያበቅልም?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ያኮራዋል» ብለው ወጡ። ግን ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሰናይትን ተደግፈው ሁለት ጊዜ ተመልሰው ገቡ።

ሰኞ እናትሽና ሰናይት ሲለያዩ ተላቅሰው ነበር፤ ይህ ግን የሚያልፍ ልቅሶ ነው። ሰናይትና ደረጀ ለጥምቀት በዓል ሕፃኑን ይዘው ሊመጡ ቃል ገብተዋል። እናትሽ ካሁኑ ለእሱ ማታ የምትለበስ ባና የሚያሠሩበትን ሱፍ እየመረጡ ነው፤ የመንዝ ብርድ እንግዳ አይምርም ይላሉ።

ከተመለስን ወዲህ ማታ ማታ ስላንቺ እንጨዋወታለን። እሳቸው የልጅነትሽን፣ እኔ የትዳራችንን። ትናንት ምን ነገሩኝ መሰለሽ? ሰባት ዓመት ሆኖሽ ለፋሲካ የተገዛውን በግ አይታረድም ብለሽ ይዘሽው ጫካ ገብተሽ አደርሽ አሉ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን አንድም ቀን አልነገርሽኝም! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለካ ገና የማላውቀው ብዙ አለሽ። እናትሽ ሲደክማቸው ግሼ ወርጄ አብሮ አደጎችሽን እጠይቃለሁ፤ የሰማሁትን ሁሉ ለልጁ እነግረዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ስላንቺ መጠየቅ አልተውም።

ያንቺው፣
ባለቤትሽ