የአባዬ ግሳት ለምን ዓሣ ዓሣ ሸተተ?

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ባለቤትሽ ደኅና ነው? ማሙሽ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም ሰው የሚነክሰው በድዱ ነው? እኛ ከናፍቆትሽና ከአክስታችን ቁጥጥር በቀር ደኅና ነን። ያልደወልኩልሽ በምክንያት ነው። «ኬላ» ብለሽ ስም ያወጣሽላት አክስታችን ሳትፈትሽ የምታሳልፈው የስልክ ወሬ የለም።

ጉዳዩ የአባዬ ነው። የካንሰር ሕክምናውን ከጀመረ ወዲህ ምግብ እንደዘጋው ታውቂያለሽ። ሐኪሟም ከዚህ በላይ ከከሳ ቀጣዩን ሕክምና ለማዘግየት እንደምትገደድ ነግራን፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት እንክብል አዘዘችለት። ዕድሜ ልኩን የሰው ሶፋ ሲሞላ የኖረ አባት መስተዋት ፊት ጉንጩን ዳብሶ «የኔ ስፖንጅ አለቀ» ሲል እማዬ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። እንክብሉን በጀመረ ሰሞን ግን ሾርባውን ጠጥቶ ድስቱን በዳቦ ጠረገው። እልል ልንል ስንል ድንገት ሳህን መግፋት ጀመረ።

እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ጥላዬንም አላምን። መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ጠረጠርኩ፤ ሲያወራ ዐይን አያይም። ቀጥሎ እማዬን፣ ጨው ነፍጋው ይሆናል ብዬ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባዬ አገሳና «ልጄ፣ ዓሣ በላን እንዴ?» አለኝ። የቀረበው ድንች ነበር፤ እሱንም በወጉ አልቀመሰው። ያኔ መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው የምትለው ኬላ «እንክብሉን እኔው እሰጠዋለሁ» ማለቷ ትዝ አለኝ። ለጉልበቷ የምትውጠው የዓሣ ዘይት እንክብልም እየጎደለ ነው፤ ጉልበቷ ግን ከበፊቱ ብሶ ይጮኻል!

እንክብሉን በዓሣ ዘይት ለውጠሽበታል ብዬ ሳፋጥጣት መች አፍራ! «ወንድሜን በስተርጅናው ሐሺሽ አላስለምደውም! እህትሽ በስልክ ባትነግረኝ ኖሮ አጃጅላችሁት ነበር» አለችኝ። ሰማሽ? እኔ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ስጠረጥር ሌባው ለካ በስልክ ነው የገባው።

እማዬ እየጎተተች ሐኪሟ ዘንድ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሟ እንዳለችው እንክብሉ ውስጥ ያለው ነገር ካናቢስ ተክል ውስጥም ይገኛል። አንጎላችን ውስጥ ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠሩ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሴሎች አሉ፤ እንክብሉ የእነሱን ወሬ ይለውጣል። እንዲያውም አይጦች ላይ እንደታየው «በቃ፣ ጠግበሃል» የሚሉት ሴሎች ራሳቸው «ብላ፣ ጨምር» ማለት ይጀምራሉ። ኬላ ዐይኗን አጥብባ «በረኛው ራሱ ነው ሌባውን የሚያስገባው በይኛ!» አለቻት። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ መጠኑን የምትወስነው እሷ እንደሆነች፣ ካዞረው ወይም ግራ ከተጋባ ቶሎ እንድንነግራት አሳሰበችን።

ኬላ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። ዛሬ ግን ከምሳ በፊት እውነተኛውን እንክብል በእጇ ሰጠችው። እኔም እንዳትለውጠው ፈርቼ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። አባዬ ሳህኑን ጨርሶ ቀና አለ። ዳቦ ቆራርሳ «ይበቃሃል» በማለት የምትታወቀው ኬላ የራሷን ሳህን ወደሱ ገፋችው። እሱንም በላው።

ሐሙስ ሚዛን ላይ ይወጣል። አደራሽን ከዚያ በፊት ደውለሽ «ተሳስቼ ነው» በያት፤ ከዚህ ቤት ሰው የምታምነው አንቺን ብቻ ነው። እስከዚያው እኔ ከየምግቡ በኋላ ግሳቱን እያሸተትኩ ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ የዓሣ ዘይት የሚውጡ ከሆነ ግን ጠርሙሱን ተመልከቺ። ማሙሽን ድዱን ሳሚልኝ። እማዬና አባዬ ስመውሻል፤ ኬላም ሳትፈትሽ ሰላም ብላሻለች።

ነገረኛዋ ታናሽሽ
ከሶፋ ቤቱ ጓሮ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን